ሁለት ከረጢት አሸዋ

የዚያን እሑድ ዝናቡ የጀመረው ከምሳ በኋላ ነው። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር። ተመልካቹ ገብቶ መጋረጃው ሲከፈት ግን ሰማዩ የተቀደደ መሰለ። የአዳራሻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘንብ ተዋናዮቹ መጮህ አለባቸው፤ የፍቅር ሹክሹክታ እንኳ ጠብ ይመስላል። ከመድረኩ በስተኋላ ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈሳል። ሁለቱን በባልዲ እንቀበላለን። ሦስተኛው የሚንጠባጠበው መድረኩ ላይ ከሚቆመው የእንጨት ደረጃ ኋላ፣ ተዋናዮች እየተሽለኮለኩ በሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። እዚያ ባልዲ ማስቀመጥ ሰው ማደናቀፍ ስለሆነ እንዲሁ እንተወዋለን።

እኔ በዚያ ቴአትር ቤት የልብስ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እሰፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ተዋናይ ሲወፍር ልብሱን እተረትራለሁ፣ ሲከሳ መልሼ አጠብባለሁ። እህቴም እዚያው ነበረች፤ ተዋናይ ሆና። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

እናታችን ስትሞት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ አሥራ ሦስት። አባት የሚባል አላየንም። ትምህርቴን ትቼ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገባሁ፤ ቁልፍ ከመትከል ጀምሬ። እህቴን ሰው ሁሉ ሚጡ ይላት ነበር፤ ዛሬም ሚጡ ናት። መልኳ ያምራል፣ ምላሷ አያርፍም፣ ሰው ማሳቅ ትችላለች። እኔ ደግሞ እናት የሌላት ልጅ ናት እያልኩ አንድ ሥራ አላስነካኋትም። ብርጭቆ ስትሰብር ስብርባሪውን ጠርጌ እደፋለሁ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

አንድ ቀን የአከራያችንን መስኮት በኳስ ሰበረች። ሴትዮዋ ጩኸቷን ስታቀልጠው፣ «እኔ ነኝ፤ ስጠርግ በመጥረጊያው እጀታ መትቼው ነው» አልኩ። ሚጡ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨብጣ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ እየተነጫነጨች ስትሄድ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የዋሸሽው! እኔ ራሴ አመንኩሽ እኮ» አለችኝ።

ሳቅኩ። ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም።

ሚጡ ዋና ሚና ያገኘችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቴአትሩ ስለ አንዲት ቅምጥል ልጅ ነበር። ልጅቷ የተከለቻቸው አበቦች በጎርፍ እንዳይበላሹባት ብላ፣ በግቢያቸው አጥር ሥር የሚያልፈውን ቦይ በድንጋይ ትደፍነዋለች። ውሃው ዞሮ የጎረቤት ቤት ይገባል። የሚወቀሰው ቦዩን የሚጠርገው ዘበኛ ነው፤ ከሥራም ያባርሩታል። ልጅቷ ሁለት ገቢር ሙሉ ጭጭ ትላለች። በሦስተኛው ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ትነሳና «ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች። ከዚያ በነጭ ቀሚሷ ቦዩ ውስጥ ገብታ ድንጋዩን በእጇ ታወጣለች። ለዚህ ትዕይንት ሌላ፣ አስቀድሞ ጭቃ የተቀባ ቀሚስ አላት። ጭቃው ቀለም ነው፤ እኔ ነኝ የቀባሁት።

አዘጋጁ ሚናውን ሲሰጣት፣ «ይሄ ለአንቺ የተጻፈ ነው፤ መለማመድ እንኳ አያስፈልግሽም» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች።

የመድረኩን ዕቃ የሚያቆመው ጋሽ መሰላል ነበር። የእናት አባቱን ስም የሚጠራ የለም፤ ከቁመቱ የተነሳ አምፖል የሚቀይረው ወንበር ላይ ሳይወጣ ነው። እዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። በቴአትሩ ውስጥ ከሰገነት ወደ ሳሎን የሚያወርድ የእንጨት ደረጃ ነበር። በየገቢሩ መሀል እየተገፋ ስለሚወጣና ስለሚገባ በሚስማር አይመታም፤ ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚይዙት ከኋላ እግሩ ላይ የሚጫኑ ሁለት ከረጢት አሸዋ ናቸው። ጋሽ መሰላል ከረጢቶቹን ያስቀምጥና በእያንዳንዳቸው ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ያሰምራል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቆመ!» ይላል። ከመጋረጃ ኋላ ያለን ሰዎች ሁላችን «ቆመ!» ብለን እንመልስለታለን። ከዚህ በኋላ ለእሱ ሳይነግር ከረጢት የነካ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከመድረክ ይወርዳል። ይህ ሕግ የእሱ ሕግ ነበር፤ አዘጋጁም ያከብረዋል።

«ጋሽ መሰላል፣ አንዷ ብቻ ብትሆን ምን ትሆናለች?» ይሉታል ወጣቶቹ ሲያበሽቁት።

«አንዷ ለደረጃው፣ አንዷ ለወራጁ» ይላል እሱ።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንትም ዘንቦ ነበር። ሚጡ በዚያ በሚያፈሰው መተላለፊያ አልፋ የነጩን ቀሚስ ጠርዝ አጨማልቃ መጣች። እርጥብ ከረጢት ታካ ነው። በረኪና ብዬ፣ ሎሚ ብዬ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሑድ ሳለብሳት እጇን ይዤ፣ «ስሚ፣ ይህን ጠርዝ አንዴ ደግመሽ ብታቆሽሺው የእናታችን አጥንት ይውጋኝ አላጥብልሽም! ራስሽ ታጥቢዋለሽ» አልኳት።

«እሺ እመቤት ስፌት፤ እየበረርኩ አልፋለሁ» አለችኝና ጉንጬን ስማ ሮጠች።

በሁለተኛው ገቢር፣ የልጅቷን አክስት ሆና የምትጫወተው ትልቋ ተዋናይት ከሰገነቱ መውረድ ጀመረች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ደረጃው ከኋላ ብድግ አለ። እጇን ወደ ፊት እንደዘረጋች ወደቀች፤ ደረጃው ላይዋ ላይ። ጩኸቷን ዝናቡ ዋጠው። ተመልካቹ የቴአትሩ ክፍል መስሎት ሳቀ። መጋረጃው ተዘግቶም ጥቂት ሰዎች ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።

የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት ይዘዋት ሲሄዱ አዘጋጁ ባትሪ ይዞ ከደረጃው ኋላ ገባ። እኛም ተከተልነው። አንዷ ከረጢት በቦታዋ ናት። ሌላዋ አንድ እርምጃ ርቃ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

«ጋሽ መሰላል፣ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ሁለቱንም በቦታቸው አስቀምጫለሁ።»

«ክቡን አሳየኛ።»

ጋሽ መሰላል ያን ሁሉ ቁመት አጥፎ ተንበረከከና ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። ውሃው ጠመኔውን አጥቦት ነጭ አተላ ብቻ ቀርቷል። መዳፉን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ አየው።

«ሁለት ነበሩ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ሁለት ... መሰለኝ።»

ይህን «መሰለኝ» ሲል ሚጡን አየኋት። ፎጣ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ወለሉን ታያለች።

ልብስ ክፍል ገብቼ ነጩን ቀሚስ ስሰበስብ ጠርዙ ከበደኝ። ገለበጥኩት። እጥፋቱ ውስጥ አንድ ጭብጥ የሚሆን እርጥብ አሸዋ ነበር። ከረጢት የነካ ጠርዝ ጭቃ ይይዛል እንጂ አሸዋ አያፍስም፤ አሸዋ የሚገባው አንዱ ከረጢቱን አቅፎ ሲጎትት ነው። በሩን ቆለፍኩ። አላጥብልሽም ብዬ የማልኩትን ጠርዝ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ቴአትሩ ሁለት ሳምንት ተዘጋ። ጋሽ መሰላል የአስተዳደር ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ መድረክ እንዳይረግጥ ተባለና በር ላይ ትኬት እንዲቆርጥ፣ ግቢ እንዲጠርግ ተመደበ። አልተሟገተም። የገረመኝ እሱ ነው። ሰው ሲበደል ይጮሃል ብዬ ነበር የማስበው።

በሦስተኛው ቀን የልብስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ «ባለመርፌዋ፣ ቅድም የዕቃ ቤቱን በር ቆልፌ ነው የወጣሁት?» አለኝ።

«ቆልፈሃል ጋሼ፤ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለና ሄዶ አየው። ተመልሶ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሄደ።

በአሥረኛው ቀን ሚስቱ መጣች። የእሱን ሱሪ አሳጥሪልኝ ብላ ነው የመጣችው፤ የእሱ ሱሪ ደግሞ መቼም ቢሆን ማጠር የሚያስፈልገው አይደለም። ተቀምጣ፣ «ይሄ ሰውዬ ጫማውን ያስራል፣ ይፈታል፤ ያስራል፣ ይፈታል» አለችኝ። «ምድጃውን አጥፍቻለሁ ወይ እያለ ከመንገድ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። እርጅና ነው ይለኛል። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እርጅና በአንድ እሑድ ይመጣል እንዴ?»

ሱሪውን ተቀብዬ አጣጠፍኩት፤ ፈታሁት፤ መልሼ አጣጠፍኩት።

ቤት ስገባ ሚጡ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቃሏን ታጠናለች። ልብሴን ሳልቀይር ፊቷ ቆምኩ።

«አይቻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«አሸዋውን።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ለመካድም አልሞከረችም። «ከረጢቷ ረጥባ ጭቃ ሆና ነበር እትዬ። ቀሚሱን እንዳትነካብኝ ብዬ ነው ትንሽ ገፋ ያደረግኳት። ስወጣ ልመልሳት ነበር። ከዚያ ሲጨበጨብልኝ ... ጠፋኝ። በቃ ጠፋኝ።»

«ሰውዬው እያበደ ነው። ሚስቱ መጥታ ነበር።»

«ከተናገርኩ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ሚናዬን ይነጥቁኛል። በሕይወቴ ያገኘሁት አንድ ነገር እሱ ነው።» ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች። «ደግሞስ ጠርዙን ካቆሸሽሽ ብሎ የማለው ማነው? አሥር ቀን ሙሉ እያወቀ ዝም ያለውስ?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ!»

«እንደ መስኮቱ» አለች።

መብራቱን አጥፍተን ተኛን። በማግስቱም ሁለታችን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን ወደ ሥራ ሄድን። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የሆነው ይኸው ነው። ኮሚቴው በተግሳጽ ያልፈዋል፣ ነገሩ ይረሳል፣ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ቴአትሩ ተከፈተ፤ የአክስቲቱን ሚና ሌላ ሴት ይዛ። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ሚጡ ተነስታ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። እንባዋ እውነተኛ ነበር። ሰዎች መሐረብ ሲያወጡ አየሁ። በጭብጨባው መሀል ጋሽ መሰላል ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ፣ ረጃጅም እጆቹን ከሰው ሁሉ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል።

ሲያልቅ ዞሮ በጓሮ መጣ። መድረኩ በር ላይ ደርሶ መድረኩን ላለመርገጥ ከደፉ ወዲያ ቆመ።

«ሚጡ ልጄ፣ ዛሬስ አስለቀስሽኝ» አላት። «እንዴት አድርገሽ ነው ከልብሽ የምታወጪው? እኔ እንኳ የራሴን ጥፋት እንዲህ አድርጌ ልናገረው አቅቶኛል።»

«አንተ ጥፋት ...» አለችና አቋረጠችው። አፏን በእጇ ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። ስታስመልስ ጀርባዋን ይዤላት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ፀሐይ ነበር። ሁለቱ ገቢሮች በደህና አለፉ። በሦስተኛው ሚጡ ከጎረቤቶቹ መሀል ተነሳች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ከመጋረጃው ጥግ ቃል አስታዋሹ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ አንሾካሾከላት። ዝም። ደገመላት። ዝም። ዘበኛውን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ላብ አጠመቀው። ከተመልካቹ አንዱ «በይዋ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። እሷ ወደ ቦዩ ወረደችና የካርቶኑን ድንጋይ ማንሳት ጀመረች። መጋረጃው ተዘጋ።

አዘጋጁ እየተንደረደረ መጣ። «ቃሉ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ሦስት መቶ ሰው ፊት!»

ቀለም የተቀባውን ቀሚስ እንደለበሰች በጓሮ በር ወጣች። መርፌ በአፌ እንደያዝኩ ተከተልኳት። ጋሽ መሰላል ግቢው ውስጥ የተቀደደ ትኬት ይጠርግ ነበር።

«ጋሼ» አለችው።

«አቤት ልጄ። ዛሬ ደግሞ ምነው ...»

«ከረጢቷን ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«የቷን ከረጢት?»

«የደረጃውን። ቆመ ካልክ በኋላ። ቀሚሴን እንዳትነካብኝ ብዬ ወደ ግድግዳው የጎተትኳት እኔ ነኝ።»

መጥረጊያውን እንደያዘ አያት። ይመታታል ብዬ ተጠጋሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ «ስንት ነበሩ?» አላት።

«ሁለት።»

«አይተሻል?»

«በእጄ ነው የጎተትኳት ጋሼ። ሁለት ነበሩ። ክቡም ነበረ፤ ሁለቱም ዙሪያቸው ተሰምሮ ነበር።»

«ክቡም ነበረ» አለ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ አየ። «ሦስት ሳምንት» አለ ለራሱ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከገዛ ቤቴ በር ጋር ስጨቃጨቅ!» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አሁን ሂጂልኝ። ሂጂ፤ ላይሽ አልችልም።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

መርፌዎቹን ከአፌ አወጣሁ። «አውቅ ነበር» አልኩት።

ጀርባውን ሰጠን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ባለመርፌዋ ብሎ አልጠራኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሚጡ ቢሮ ገብታ ሁሉንም በጽሑፍ ሰጠች። እኔም ጠርዙን ማጠቤን ጽፌ ፈረምኩ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እሷ ሚናዋን ተነጠቀች፤ ሦስት ወርም ከሥራ ታገደች። ነጩን ቀሚስ ለአዲሷ ልጅ ወገቡን አጠበብኩላት።

ትልቋ ተዋናይት ቤት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ ጣቶቿ አይታጠፉም ነበር። ሚጡ እግሯ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ሰለቻት።

«ተነሺ እባክሽ። ልቅሶሽን ለተመልካች አድርጊው» አለቻት። «እኔ የምፈልገው ጠዋት ጠዋት ቁልፍ የሚቆልፍልኝ ሰው ነው።»

በማግስቱ ሚጡ በአንድ ሰዓት እዚያ ነበረች። በሦስት ወሩ አንድ ጠዋት አልቀረችም። ቁልፏን ትቆልፍላታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ ስድቧን ትሰማለች። «ዛሬ ደግሞ አዛንፈሽ ቆለፍሽው፤ እጄን ሰብረሽ ልብሴንም ልታጣምሚ ነው?» ትላታለች ሴትዮዋ። ሦስት ወሩ ካለቀ በኋላም መሄዷን አልተወችም፤ ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ፣ አራት ዓመት።

ጋሽ መሰላል ወደ መድረኩ ተመለሰ። ኮሚቴው ይቅርታ ብሎ ጻፈለት። እጁ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ከረጢቱን ያስቀምጣል፣ ያሰምራል፣ ሄዶ ይመለሳል፣ ይዳስሰዋል። «ቆመ!» የሚለው ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ሚጡ እገዳዋን ጨርሳ ስትመለስ አዘጋጁ ትንንሽ ሚና ሊሰጣት ፈቃደኛ ነበር። እሷ ግን ጋሽ መሰላል ዘንድ ሄዳ፣ አብሬህ ልሥራ፣ አንተ ስታስቀምጥ እኔ አይቼ እመሰክርልሃለሁ አለችው።

ከእግር እስከ ራሷ አያት። «መቼም ከረጢት ማንሳት ታውቂያለሽ» አላት። ከሆነው ሁሉ በኋላ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ አልሳቀችም።

እኔ አልወደድኩላትም። ያን ድምፅና ያን ፊት ይዛ ጨለማ ውስጥ አሸዋ ትሸከም ብዬ አይደለም ያሳደግኳት። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት፣ «እትዬ፣ አንቺ እንኳ እስቲ ተይኝ» አለችኝ። ተውኳት።

ጋሽ መሰላል ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ሚጡ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚያው ቴአትር ቤት የመድረኩን ዕቃ የምታቆመው እሷ ናት፤ «ቆመ!» ስትል ድምፅዋ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ተመልሳ አልተወነችም። ከቴአትር ቤቱ ኋላ አንድ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች። ልብሷን ራሷ ታጥባለች።